ኦሪጅናል ኤም-65 የመስክ ጃኬት፦ አገልግሎቱ፣ መለያዎቹና አያያዙ

ከአሮጌ ወታደራዊ ልብሶች መካከል ዛሬም በየዕለቱ ሊለበስ የሚችል አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1965 የተቀበለውን ኤም-65 የተባለውን የመስክ ጃኬት ነው፤ ከኤም-65ም ውስጥ በ1970ዎቹ የተሰፋውንና የናስ ዚፕ ያለውን አስቀድማለሁ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ዘመን ለጦሩ የሚሰፋ ልብስ ከጨርቁ ክብደት እስከ ስፌቱ አጣጣል ድረስ በመንግሥት ዝርዝር መግለጫ የታሰረ፣ ርክክብ ከመፈጸሙም በፊት የሚመረመር ስለነበረ፣ በተመሳሳይ ቅርጽ ተሰፍተው ለገበያ ከሚቀርቡት አብዛኞቹ ጃኬቶች ጋር ሲተያይ ልዩነቱ በእጅ ይዳሰሳል። ይሁንና ጃኬቱ በጣም ከመወደዱ የተነሣ አስመስለው የሚሠሩት በዝተዋል፤ ኦሪጅናሉን የሚሸጡ ሰዎችም ዕድሜውንና ታሪኩን አጋንነው ማቅረባቸው የተለመደ ሆኗል። ስለዚህ ይህ ግምገማ ስለ ጃኬቱ ጥራት ከመናገሩ ባሻገር፣ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ምን መታየት እንዳለበትና ከተገዛም በኋላ እንዴት መያዝ እንደሚገባው በሰፊው ያነሣል።

ኤም-65 ረጅም የዘር ሐረግ ያለው ልብስ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ላይ የአሜሪካ ወታደር ይለብሰው የነበረው ኤም-1941 ወገብ ላይ የሚቀር አጭር ጃኬት ሲሆን፣ ላዩ ቀጭን ጥጥ፣ ገበሩ ሱፍ ነበረ፤ ለብርዱም ለሥራውም በቂ ሆኖ አልተገኘም። የተካው ኤም-1943 የዛሬውን ቅርጽ ያስያዘ ነው። ዳሌን የሚሸፍን ርዝመት፣ አራት ትልልቅ ኪሶች፣ ወገብን ከውስጥ የሚያጠብቅ ገመድና በጨርቅ የተከለሉ ቁልፎች የመጡት በእሱ ሲሆን፣ ሙቀቱንም ከሥሩ ከሚደረቡት ልብሶች እንዲያገኝ ታስቦ የተሰፋ ነበር። ኤም-1950 ከውስጥ በቁልፍ የሚያያዝ ተነቃይ ገበር ጨመረ፤ ኤም-1951 ደግሞ ከፊት ዚፕንና ተጭነው የሚዘጉ የብረት ቁልፎችን ይዞ መጣ። ኤም-65 የኤም-1951ን ተዘርግቶ የሚተኛ ኮሌታ በሚቆም ኮሌታ ተካው፤ ቀድሞ ለብቻው ተይዞ በቁልፍ ይገጠም የነበረውን ቆብም ኮሌታው ውስጥ ጠቅልሎ በዚፕ ዘጋበት፤ በእጅጌዎቹ ጫፍና በኮሌታው ላይ ቬልክሮ፣ ማለትም ተጫኖ የሚጣበቅ የጨርቅ ማያያዣ አደረገ። በአንድ ሱቅ ውስጥ ተደባልቀው ከተሰቀሉ አረንጓዴ ጃኬቶች መካከል ኤም-65ን ለይቶ ለማውጣት ከሩቅ ኮሌታውን ማየት ብቻ ይበቃል፤ የሚቆም ኮሌታና ከኋላው አግድም የሚሄድ ዚፕ ካለው ቢያንስ ቅርጹ የኤም-65 ነው።

በእኔ ዘንድ ያለው ጦሩ በ1976 ከአምራች ጋር በገባው ውል የተሰፋ መካከለኛ ቁጥር ሲሆን፣ ቀለሙ ኦጂ-107 የሚባለው ደብዘዝ ያለ የወይራ አረንጓዴ ነው። ጨርቁ ጥጥና ናይለን እኩል ተደባልቀው በሳቲን አሸማመን የተሸመነ በመሆኑ ላዩ ለስለስ ይላል፤ ነገር ግን በሁለት ጣት ይዘው ሲያሹት ጥቅጥቅ ያለና ክብደት ያለው መሆኑ ወዲያው ይታወቃል፤ ነፋስም በቀላሉ አያሳልፍም። የኪሱን ክዳን ገልጦ ከሥሩ ያለውን ጨርቅ ከትከሻው ጋር ያስተያየ ሰው ሁለት ቀለም ያገኛል። ከክዳኑ ሥር ያለው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ሲቆይ፣ ፀሐይ ያገኘው ትከሻና የእጅጌው የላይኛው ክፍል ወደ ግራጫ አዘንብሏል፤ የስፌት መስመሮቹ ጠርዝም ከመፋተግ ብዛት ነጣ ብሏል። ይህ አቀላለም ቀስ በቀስ በዓመታት የሚመጣ ነው፤ በፋብሪካ ታጥበው እንዲያረጁ የተደረጉ ጃኬቶች ግን ከክዳኑ ሥርም፣ ከኮሌታው እጥፋት ውስጥም፣ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ድብዝዝታ ያሳያሉ።

ከሁሉም ይልቅ የአሠራሩን ጥንቃቄ የሚያሳየኝ የእጅጌው ጫፍ ነው። ወደ ውስጥ የታጠፈ ባለ ሦስት ማዕዘን ቁራጭ ጨርቅ አለው፤ ሲገለጥ የመዳፍን ጀርባ ሸፍኖ በእጅጌውና በጓንቱ መካከል ብርድ እንዳይገባ ይከላከላል፤ ሲያስፈልግ ተመልሶ ይታጠፍና ቬልክሮው ይይዘዋል። ከኋላ በሁለቱም ትከሻዎች ግርጌ የተደበቀ እጥፋት ስላለ፣ እጅ ወደ ፊት ሲዘረጋ ጀርባው አይጨብጥም። ወገቡ ላይና ታችኛው ጠርዝ ላይ የተለያዩ ማጥበቂያ ገመዶች አሉት፤ የወገቡ ገመድ ሲጠብቅ ጃኬቱ የተቆረጠ ቅርጽ ይይዛል፣ ሲላላ ደግሞ ከሥሩ ሹራብ ለመደረብ የሚበቃ ስፋት ይተዋል።

ጉድለቶቹንም መናገር ይገባል። ኮሌታው ውስጥ ያለው ቆብ ስስ ከመሆኑ የተነሣ ከነፋስ እንጂ ከዝናብ አያድንም። ጨርቁ ሲሠራ ውኃ እንዳይዘልቀው የሚያደርግ ቅብ ቢሰጠውም በዓመታት እጥበት ስለሚጠፋ፣ የቆየ ኤም-65 የሐምሌን የአዲስ አበባ ዝናብ ይችላል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው፤ ለክረምት ማታ ብርድ ግን ያለ ገበሩ እንኳ በጣም የተስማማ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ላሉ ወገኖቻችን ያለ ገበሩ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር፣ ከገበሩ ጋር ደግሞ ከዚያ ለሚብስ ቅዝቃዜ ይሆናል። የውስጥ ኪስ የለውም፤ ስልክና ቦርሳ በደረት ኪሶች ውስጥ መያዝ ግድ ነው። የውስጥ ኪስ አለመኖሩ አንዱ የመለያ ምልክትም ነው፤ ለሲቪል ገበያ ተብለው የሚሰፉት ብዙውን ጊዜ አንድ ይጨምራሉ።

ወደ መለያው ልለፍ። አብዛኛው ገዢ አንገቱ ሥር የተሰፋውን ጽሑፍ አይቶ ይወስናል፤ እኔ ግን መለያው ብቻውን እንደ ማስረጃ እንዳይቆጠር አጥብቄ እመክራለሁ። መለያው የሚናገረው ነገር ከዚፑ፣ ከትከሻው አሰፋፍና ከጨርቁ ጋር ሲስማማ ነው ዋጋ የሚኖረው፤ አንዱ ከሌላው ከተጋጨ ወይ የጃኬቱ አካል ተቀይሯል፣ ወይ መለያው ከሌላ ልብስ ተነቅሎ የተሰፋ ነው፣ ወይም ከነጭራሹ አስመስሎ የተሠራ ነው። ይህን የማመሳከር ልማድ የያዘ ሰው በቀላሉ አይታለልም።

በመለያው ላይ በመጀመሪያ የሚፈለገው የውል ቁጥሩ ነው። በ1960ዎቹና እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ የተሰፉት ላይ ቁጥሩ በላቲን ፊደላት ዲኤስኤ ብሎ ይጀምርና 100 ይከተለዋል፤ ከዚያ በሰረዝ ተለይተው የተጻፉት ሁለት አሃዞች የውሉን ዓመት ያመለክታሉ። የእኔው 76 ይላል። ዲኤስኤ የመከላከያ አቅርቦት ድርጅት ምኅጻር ሲሆን፣ ድርጅቱ በ1977 ስሙን ቀይሮ ዲኤልኤ ስለተባለ፣ ከዚያ ወዲህ ያሉት ውሎች በዲኤልኤ ይጀምራሉ። ስለዚህ በዲኤልኤ የሚጀምር መለያ ያለውን ጃኬት ሻጩ የ1968 ነው ካለ ጉዳዩ እዚያው አለቀ። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ቁጥሩ ውሉ የተፈረመበትን በጀት ዓመት እንጂ ልብሱ የተሰፋበትን ቀን አይናገርም፣ ስለዚህ የዓመት ያህል መዛነፍ ሊኖር ይችላል።

ሁለተኛው የዕቃ ቁጥሩ ነው። ጦሩ እያንዳንዱን ዕቃ የሚለይበት ይህ ቁጥር በኤም-65 ላይ በ8415 ይጀምራል። እስከ 1974 ድረስ ቁጥሩ በጠቅላላ 11 አሃዝ ነበረ፤ ከ1974 መገባደጃ ጀምሮ ከ8415 ቀጥሎ ሁለት አሃዝ፣ በተለምዶ 00 ወይም 01 ተጨምሮበት 13 አሃዝ ሆነ። በ1970 ውል ተሰፋ የሚባል ጃኬት 13 አሃዝ ካለው መለያው ሊታመን አይገባም። ሦስተኛው ደግሞ የዝርዝር መግለጫው ቁጥር ነው፤ የኤም-65 መግለጫ ሚል-ሲ-43455 ሲሆን፣ ከጀርባው የሚታከለው ፊደል እየተሻሻለ የሄደበትን ቅደም ተከተል ያሳያል። የኤም-1951 ግን ሚል-ጄ-11448 ነው። ሁለቱን ማወቅ በተለይ መለያው ግማሹ ጠፍቶ ጥቂት አሃዞች ብቻ በሚነበቡበት ጊዜ ይረዳል። ቀለሙ የጠፋ መለያ ከተገኘ ጃኬቱን በመስኮት አጠገብ ዘርግቶ ብርሃኑ በጎን እንዲያርፍበት ማድረግ፣ በስልክም ፎቶ አንሥቶ የብርሃንና የጥላውን ልዩነት ማጉላት ብዙ ጊዜ ጽሑፉን ይመልሳል። መለያውን ማርጠብ ወይም በጣት ማሸት ግን የቀረውን ቀለም ይዞ ይሄዳል።

የአምራቹም ስም መለያው ላይ ይገኛል። አልፋ ኢንዱስትሪስ፣ ጆን ኦውንቢ፣ ሶ-ሲው ስታይልስ፣ ጎልደን ማኑፋክቸሪንግና ዊንፊልድ ማኑፋክቸሪንግ ለጦሩ ውል ወስደው ከሰፉት መካከል ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ በቴነሲ ግዛት ኖክስቪል ከተማ በ1959 የተቋቋመው አልፋ ለሲቪል ገበያም ተመሳሳይ ጃኬት ስለሚሰፋ በአልፋ ስም ላይ ብቻ መመሥረት አያስኬድም። ለሲቪል የተሰፋው የውል ቁጥር የለውም፤ ይህ ደግሞ ማጭበርበር አይደለም፣ ኩባንያው በግልጽ የራሱን ምርት ነው የሚሸጠው። ማጭበርበሩ የሚጀምረው ሁለተኛ ሻጭ ያንኑ ሲቪል ጃኬት ወታደር የለበሰው ነው ብሎ ሲያቀርብ ነው። በኢንተርኔት ገበያ ላይ አንድ ሻጭ እንዲህ ያለውን ጃኬት ከቬትናም የተመለሰ ብሎ አቅርቦ አይቻለሁ፤ ፎቶው ላይ የውስጥ ኪሱ በግልጽ ይታይ ነበር። የውል ቁጥሩን እንዲያሳየኝ ብጠይቀው ምላሽ አልሰጠኝም፤ ማስታወቂያው ግን እንዳለ ቀጠለ። እንዲህ ያለው አቀራረብ የሚያሳዝነኝ ገዢውን ከመጉዳቱም በላይ፣ በእርግጥ የተለበሰውን ጃኬት ታሪክ ዋጋ ስለሚያሳጣ ነው።

ስለ ቬትናም ካነሣሁ ዘንድ፣ አረንጓዴ የሆነውን ሁሉ የቬትናም ጃኬት ማለት በሻጮች ዘንድ የተለመደ በመሆኑ አንድ ቀላል ሚዛን ልስጥ። የመጨረሻዎቹ የአሜሪካ ተዋጊ ወታደሮች ቬትናምን ለቀው የወጡት በመጋቢት 1973 ነው። ከዚያ በኋላ በተፈረመ ውል የተሰፋ ጃኬት እዚያ ጦር ሜዳ ሊውል አይችልም። ከዚያ በፊት የተሰፋውም ቢሆን የግድ እዚያ ነበረ ማለት አይደለም፤ በሞቃቱ ቆላ ወታደሩ የሚለብሰው ቀለል ያለውን የጫካ ልብስ ነበረ፣ ኤም-65 ደግሞ በጀርመን፣ በኮሪያና በአሜሪካ በራሷ ባሉ ሰፈሮች በብዛት ይለበስ ነበር። የ1976ቱ የእኔ ጃኬት በቬትናም አልነበረም፤ ይህም ከጥራቱ አንዳች አይቀንስበትም።

ዚፑ ከመለያው ቀጥሎ፣ አንዳንዴም ከመለያው በላይ የሚታመን ምስክር ነው። የመጀመሪያዎቹ ኤም-65ቶች እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ትልልቅ ጥርስ ያለው የአሉሚኒየም ዚፕ ነበራቸው፤ ቀጥሎ ናስ መጣ፣ በ1980ዎቹ መገባደጃ አካባቢም ፕላስቲክ ተተካ። በጎታቹ ላይ የተቀረጸው ስም፣ ለምሳሌ ታሎን፣ ኮንማር ወይም ስኮቪል፣ ጠቃሚ ነው። የእኔው ስኮቪል የሚል የናስ ዚፕ ሲሆን፣ ጥርሶቹ ጠቆር ያለ የወርቅ ቀለም ይዘዋል፤ ሲዘጋ የሚያሰማው ድምፅ ከባድና አንድ ወጥ ነው። ዚፕ ሊቀየር ስለሚችል ከጠርዙ የተሰፋበትን ክር መመርመር ያስፈልጋል። ኦሪጅናሉ ስፌት ከጃኬቱ ሌሎች ስፌቶች ጋር አንድ ዓይነት ክር፣ አንድ ዓይነት የመርፌ እርምጃና አንድ ዓይነት ድብዝዝታ አለው፤ በኋላ የተቀየረ ዚፕ አጠገብ ግን የድሮው መርፌ ቀዳዳ ባዶውን ቀርቶ ይታያል።

በትከሻው ላይ የማዕረግ ማንጠልጠያው መኖር አለመኖሩም ዓመቱን ያጠባል። በመጀመሪያው ዓመት አካባቢ የተሰፉት ኤም-65ቶች ማንጠልጠያ አልነበራቸውም፤ ከአሉሚኒየም ዚፕ ጋር ትከሻው ባዶ የሆነ ጃኬት ከተገኘ ብርቅ ነው፣ ሰብሳቢዎችም ብዙ ይከፍሉበታል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚገባው ማንጠልጠያውን ፈትተው ብርቅ ለማስመሰል የሚሞክሩ ስላሉ ነው። የተፈታ ማንጠልጠያ ፀሐይ ያላገኘው ጠቆር ያለ መስመር በትከሻው ላይ ይተዋል፤ በትከሻውና በእጅጌው መጋጠሚያ ስፌት ውስጥም የተቆረጠው ጨርቅ ጫፍ ተቀብሮ ይቀራል። ሬንጀር የምንለው ዥጉርጉር ጨርቅ ያለው ኤም-65 ደግሞ ከ1981 ወዲህ የመጣ ነው። ሬንጀሩን አልገመግምም፤ ጥሩ ልብስ ቢሆንም የምወደው አይደለም።

በደረቱና በትከሻው ላይ የተሰፉ ምልክቶች የጃኬቱን ታሪክ በከፊል ይናገራሉ። የጦር ሠራዊቱ ስም በግራ ደረት፣ የለባሹ ስም በቀኝ ደረት ይሰፋል፤ በግራ ትከሻ ላይ የሚደረገው ወታደሩ በወቅቱ የሚያገለግልበት ክፍል ምልክት ሲሆን፣ በቀኙ ትከሻ የሚደረገው ቀደም ሲል በጦርነት ጊዜ ያገለገለበት ክፍል ነው። ይህን ሥርዓት የማያውቅ አስመሳይ ምልክቶቹን ለውበት ብቻ ስለሚደረድር ብዙ ጊዜ ራሱን ያጋልጣል። ምልክቱ በእርግጥ ከጃኬቱ ጋር አብሮ ያረጀ መሆኑን ለማወቅ ጠርዙን በጥፍር ቀና አድርጎ ከሥሩ ማየት ነው፤ ከሥሩ ያለው ጨርቅ ከአካባቢው የጠቆረ ከሆነ ለብዙ ዘመን እዚያው ነበረ፣ እኩል ከደበዘዘ ግን በቅርብ የተለጠፈ ነው። በጨለማ የሚበራ ሐምራዊ (አልትራቫዮሌት) መብራት መጠቀምም የተለመደ ነው፤ ዘመናዊው የፖሊስተር ክር ብዙ ጊዜ በዚያ ብርሃን ነጭ ሆኖ ያበራል። ነገር ግን በዛሬ ዱቄት ሳሙና የታጠበ አሮጌ ልብስም እንደዚያው ሊያበራ ስለሚችል፣ ውጤቱ ጥርጣሬን ያጠናክር እንደሆነ እንጂ ብቻውን አይፈርድም።

የተሰፉ ምልክቶችንና የስም ጨርቁን ማንሣት በፍጹም አልመክርም። በምቾትም ሆነ በመልክ የሚያስቸግር ነገር የለበትም፤ አንዴ ከተነቀለ በኋላ መልሶ መስፋት ታሪኩን አይመልስም። እዚህ ላይ በአገራችን ላሉ አንባቢዎች የማስታውሰው ጉዳይ አለ። በኢትዮጵያ የሠራዊቱን የደንብ ልብስና ምልክት ሲቪል ሰው መልበስ በሕግ ያስጠይቃል። ምልክት የሌለው ነጠላ አረንጓዴ ጃኬትና ሬንጀር በጎዳና ላይ እኩል አይታዩም፤ በአገር ቤት ለመልበስ የሚያስብ ሰው ምልክት ያልተሰፋበትን ከመጀመሪያው ይምረጥ፤ የተሰፋበት ካለው ግን ሳይነካው በቤቱ ያስቀምጠው።

አገራችን ከዚህ ልብስ ታሪክ ጋር የምትገናኝበት እውነተኛ መንገድ ኮሪያ ነው። ከ1951 ጀምሮ በኮሪያ የተዋጉት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተመድበው፣ ልብሳቸውንና ትጥቃቸውንም ከአሜሪካ ጦር ተቀብለው ነው የዘመቱት። በዘማች ቤተሰብ ዘንድ ከዚያ ዘመን የቀረ የመስክ ጃኬት ቢገኝ የሚጠበቀው የኤም-65 አባት የሆነው ኤም-1943 ወይም የእሱ ወገን ነው፤ የሚቆመው ኮሌታና ቬልክሮ አይኖረውም። እንዲህ ያለ ጃኬት የሚለበስ ሳይሆን የሚቀመጥ ነው። እባካችሁ አትጠቡት፤ በጥላ ላይ አናፍሱት፣ በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን አራግፉት፣ በኪሱ ውስጥ የተገኘ ወረቀትም ካለ አብራችሁ አስቀምጡ፤ የለበሰውን ሰው ስምና የዘመተበትን ዓመት በተለየ ወረቀት ጽፋችሁ አያይዙለት።

ለሚለበሰው ኤም-65 ግን እጥበት አስፈላጊ ነው፤ ላብና ቅባት የገባበት ጨርቅ ቶሎ ያልቃልና። የማጥበው ሲያስፈልግ ብቻ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ልብሰት መካከል ማናፈስን እመርጣለሁ። ሲታጠብ ገበሩ ይፈታል፤ ገበሩ ለብቻው ይታጠባል። ዚፑና የብረት ቁልፎቹ ሁሉ ይዘጋሉ፤ ቬልክሮውም በጥንቃቄ ይዘጋል፣ አለዚያ ሸካራው ጎን የጃኬቱን ለስላሳ ጨርቅ እየጨመደደ ክር ያወጣል። ከዚያ ጃኬቱ ወደ ውስጥ ተገልብጦ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውኃ፣ በጥቂት ለዘብተኛ ሳሙና፣ በእጅ ወይም በማሽኑ ዝግ ያለ ዙር ይታጠባል። በረኪና አይነካውም፤ አረንጓዴውን ወደ ቢጫ ይለውጠዋል፣ ከጨርቁ በፊትም ክሩን ያደክማል። ማለስለሻም አይደረግበትም፤ የጨርቁን የውኃ መከላከል አቅም ካለ ያጠፋዋል። ኮሌታው ላይ የቆየ እድፍ ካለ ሳሙናውን በለስላሳ ብሩሽ አስቀድሞ ማሸትና ጥቂት ማቆየት የተሻለ ነው፤ የአንገቱን መለያ ግን ብሩሹ እንዳይነካው።

ማድረቂያ ማሽን የዚህ ጃኬት ዋና ጠላት ነው። በከፍተኛ ሙቀት ሲደርቅ የጥጡ ክር ስለሚሸበሸብ የኪሶቹ ጠርዝና የዚፑ መስመር ይጨማደዳል፤ የገበሩም ሙሌት እየተሰበሰበ ይቋጠራል። ወፍራም መስቀያ ላይ ሰቅሎ በጥላ ማድረቅ ይበቃል፤ ቅርጹን በእጅ ማስተካከል ካውያን አብዛኛውን ጊዜ ያስቀራል። የግድ ካውያ ካስፈለገ መካከለኛ ሙቀት፣ ከውስጥ በኩል ይሁን፤ ናይለኑ ከባድ ሙቀት ሲያገኝ የሚያብረቀርቅ ምልክት ይይዛል፣ እሱም አይለቅም።

ዚፕ የተለየ ክብካቤ ይፈልጋል። የአሉሚኒየም ዚፕ በጥርሶቹ መካከል ነጭ ዱቄት መሰል ዝገት ይፈጥራል፤ ደረቅ የጥርስ ብሩሽ ያወጣዋል። ከዚያ የንብ ሰም ወይም ተራ ሻማ በጥርሶቹ ላይ በስሱ አሽቶ ጎታቹን ጥቂት ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች መመላለስ ያለሰልሰዋል። ዘይት ግን ጨርቁ ላይ የሚዘልቅ እድፍ ይተዋል። ዚፑ ሲዘጋ ጥርሶቹ ካልተያያዙ ብዙ ሰው ዚፑ አለቀ ብሎ ሙሉውን ያስቀይራል፤ በብዙ ሁኔታ ያለቀው ጎታቹ ነው። እሱን ብቻ ማስጠገን የሚችል ልብስ ሰፊ ማግኘት የጃኬቱን ዋጋ ያድናል፤ ሙሉው ከተቀየረም የተነቀለውን አለመጣል ነው። የብረት ቁልፎቹን ክዳኑን ጎትቶ መክፈት ጨርቁን ከሥሩ ይሸነጥቃል፤ አውራ ጣትን ከቁልፉ አጠገብ አስገብቶ መክፈት ይገባል። ቬልክሮ ላይ የተጠራቀመውን ክርና ጸጉር በመርፌ ጫፍ ማውጣት እንደገና እንዲይዝ ያደርገዋል፤ በሌላ መተካት የሚያስፈልገው በጣም ጥቂት ጊዜ ነው።

ቀዳዳና ስንጥቅ ካለ ከውስጥ በተመሳሳይ ክብደት ያለው የጥጥ ጨርቅ ደግፎ፣ ደብዘዝ ባለ አረንጓዴ ክር በእጅ መጠገን ከሁሉ የተሻለ ነው። አሮጌ ጃኬት ላይ የወታደሩ የራሱ ጥገና ሲገኝ እንዳለ ይተው፤ ሻካራ ቢሆንም የጃኬቱ አካል ነው። ለማስቀመጥ ሰፊ ትከሻ ያለው መስቀያ፣ ፀሐይ የማይገባበትና አየር የሚዘዋወርበት ቁም ሳጥን ያስፈልጋል። የፕላስቲክ ከረጢት እርጥበት ይዞ ሻጋታ ስለሚያመጣ በቀጭን የጥጥ ጨርቅ መሸፈን ይሻላል። የናፍታሊን ሽታ ከዚህ ጨርቅ ለመውጣት ረጅም ጊዜ ይፈጃል፤ ጨርቁ ራሱ ሱፍ ስላልሆነም ብል ብዙ አያሰጋውም።

ቁጥር መምረጥ ላይ ብዙ ሰው ይቸገራል። መለያው ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ከማለቱም ሌላ ለእያንዳንዱ አጭር፣ መደበኛና ረጅም የሚል ቁመት ይጨምራል፤ የደረትና የቁመት ልኬትም በኢንች ያስቀምጣል። መካከለኛ መደበኛ የሚለው ከ37 እስከ 41 ኢንች ደረትና ከ67 እስከ 71 ኢንች ቁመት ላለው ሰው የታሰበ ነው። ሆኖም ጃኬቱ ከሥሩ ገበርና ሹራብ እንዲችል ሰፋ ተደርጎ ስለሚሰፋ፣ በሸሚዝ ላይ ብቻ ሊለብሰው የሚያስብ ሰው በልኬቱ ድንበር ላይ ከሆነ ወደ ታችኛው ቁጥር ያዘንብል። እጅጌው ሰፊ ነው፤ ለማሳጠር ወይም ለማጥበብ ልብስ ሰፊ ዘንድ መውሰድ ግን የእጅጌውን ጫፍ አሠራር ስለሚያበላሽ ልክ የሆነውን ፈልጎ መግዛት ይሻላል።

ገበሩ ብዙ ጊዜ ለብቻው ይሸጣል፤ ከሁለት የተለያዩ ውሎች የመጡ ጃኬትና ገበር አንድ ላይ መገኘታቸው የሚያጠራጥር ነገር አይደለም፣ በሠራዊቱ ዕቃ ግምጃ ቤትም የሚታደሉት ለየብቻቸው ነበር። ሲገዛ የገበሩ ቁልፍ መያዣ ቀለበቶች አለመቀደዳቸውን፣ ጠርዙ ላይ ያለው ጥልፍ አለመፈታቱን ማየት በቂ ነው።

በአሜሪካ የጦር ትርፍ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ ጃኬቱን ይዞ ማየት ስለሚቻል እዚያ መግዛትን እመርጣለሁ፤ በሩቅ ሆኖ የሚገዛ ሰው ግን ሻጩን የአንገቱን መለያ፣ የዚፑን ጎታች፣ ከኪስ ክዳን ሥር ያለውን ጨርቅና የእጅጌውን ጫፍ ተገልጦ የሚያሳዩ ፎቶዎች ይጠይቅ። ትከሻው ባዶ የሆነውንና የአሉሚኒየም ዚፕ ያለውን ብርቅ ጃኬት ለሰብሳቢዎች እተዋለሁ፤ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፣ ዕድሜውም በየዕለቱ ለመልበስ ያሳሳል። የፕላስቲክ ዚፕ ያላቸው የኋለኞቹ ለሥራ ጥሩ፣ በዋጋም ቀለል ያሉ ናቸው። የናስ ዚፕ ያለው፣ መለያው በዲኤስኤ ወይም በመጀመሪያዎቹ የዲኤልኤ ዓመታት የሚጀምር፣ ኦጂ-107 ቀለሙን በከፊል የጠበቀ ጃኬት ከተገኘ ግን፣ ኪሱ ወይም ጠርዙ ትንሽ ቢጠገንበትም እንኳ፣ ለአዲስ አስመስሎ የተሠራ ጃኬት ሊከፍለው ያሰበውን ገንዘብ ለእሱ ቢያውለው አይጸጸትም።